ሞተር የሚሞተው በአፍንጫው ነው!

በዚህ ገጽ ላይ ስለ ፍቅር፣ ስለ ቅናት፣ ስለ አማትና ምራት ብዙ ተባብለናል፡፡ ዛሬ ግን ወሬውን ወደ ሞተር ሳይክል ላዞረው ነው፡፡ «እንዴ! ይኼ ገጽ ጋራዥ ሆነ እንዴ?» የምትሉ አትጠፉም፡፡ ቆይ፣ አትቸኩሉ፡፡ ነገሩ የብረት ጉዳይ ብቻ አይደለም፡፡ የኪስ ጉዳይ ነው፤ የላብ ጉዳይ ነው፤ ሲከፋ ደግሞ የቤተሰብ ጉዳይ ይሆናል፡፡ እንዴት እንደሚሆን ወረድ ስትሉ ታገኙታላችሁ፡፡

ሞተር ስላችሁ አስፋልት ላይ ሽው የሚለውን ማለቴ አይደለም፡፡ የማወራው ስለ ገጠር ሞተር ነው፡፡ ጎማው ጥርስ ያለው፣ ቁመቱ ከፍ ያለ፣ የፊት ፓራፋንጎው ከጎማው ርቆ የተሰቀለ፣ ቆሞ እንኳ ሊዘል የተዘጋጀ ፌንጣ የሚመስለው ማለቴ ነው፡፡ ያማሃ ዲቲ፣ ሆንዳ ኤክስኤል፣ ሱዙኪ ቲኤስ የሚባሉት የዚህ ዘር ናቸው፡፡ የጤና ባለሙያው፣ የግብርና ሠራተኛው፣ የእርዳታ ድርጅት ሠራተኛው ዳገት ቁልቁለቱን የሚወጣው የሚወርደው በእነዚህ ነው፡፡ የከተማ ልጅም ተመርቆ ሥራ ሲያገኝና ወደ ወረዳ ሲመደብ፣ ብዙ ጊዜ እጁ ላይ የሚቀመጥለት ቁልፍ የእነዚሁ ነው፡፡

እስቲ ቅዳሜ ጠዋት ወደ መኪና እጥበት ጎራ በሉና ሞተረኞቻችንን ተመልከቱልኝ፡፡ ቸርኬው ሽቦ በሽቦ ይፈተጋል፡፡ ማርሚታው ፊት እስኪያሳይ ይወለወላል፡፡ ሰልባትዮው ላይ የእንግሊዝ የኳስ ቡድን ምልክት ይለጠፋል፡፡ ከዚያ ፎቶ! እኔ ግን አንዲት ጥያቄ አለችኝ፡፡ ከሴላው ሥር፣ ጨለማ ውስጥ የተቀመጠችውን ፊልትሮ ያያት ማን ነው? ማንም! ፊልትሮ ፎቶ አትወጣም፤ ልጅም አትጠብስም፡፡ የሞተሩ ዕድሜ የሚወሰነው ግን በእሷ ነው፡፡

45 በርሜል አየር!

ሞተር የሚጠጣው ቤንዚን ብቻ የሚመስለን ብዙዎች ነን፡፡ ዋናው ምግቡ ግን አየር ነው፡፡ 1 ኪሎ ቤንዚን በደንብ ተቃጥሎ እንዲያልቅ 15 ኪሎ ገደማ አየር ይፈልጋል፡፡ በሊትር እናስላው ካላችሁ፣ ለ1 ሊትር ቤንዚን ወደ 9 ሺህ ሊትር አየር ነው፡፡ በ200 ሊትር በርሜል ብትለኩት 45 በርሜል መሆኑ ነው! አንዲት የሃይላንድ ውኃ ፕላስቲክ ቤንዚን ለማቃጠል ሞተራችሁ ይህን ሁሉ አየር በአንዲት ስፖንጅ በኩል ይስባል፡፡

ይህ አየር በአስፋልት ላይ ምንም አይደል፡፡ ግን ከሞጆ ወደ መቂና ባቱ ስትወርዱ ከዋናው መንገድ ወደ ውስጥ ታጠፉና እዩት፡፡ የስምጥ ሸለቆው አፈር እሳተ ገሞራ የተፋው ነው፤ በበጋ እንደ ዱቄት ይቦናል፡፡ ከፊታችሁ አንድ አይሱዙ ካለፈማ አለቀላችሁ፤ ቅንድባችሁ ሳይቀር ሽማግሌ ይሆናል፡፡ እናንተ ሻርፕ ትከናነባላችሁ፣ መነጽር ታደርጋላችሁ፡፡ ሞተራችሁስ? የእሱ ሻርፕ ፊልትሮው ነው፡፡

«አቧራ ምን ያደርጋል? ቤንዚኑ ያቃጥለዋል» የሚሉ ሰዎች ሰምቻለሁ፡፡ አያቃጥለውም! አቧራ ውስጥ ያለው የድንጋይ ብናኝ ከብረት የሚጠነክር ይገኝበታል፡፡ ይህ ብናኝ ሞተር ውስጥ ገብቶ ከዘይት ጋር ሲለወስ ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ? የብርጭቆ ወረቀት! አናጢ ጣውላ የሚያለሰልስበት ማለቴ ነው፡፡ ፒስቶኑ በደቂቃ በሺህ የሚቆጠር ጊዜ ሲመላለስ፣ ያ ለውስ የሲሊንደሩን ግድግዳና ፋሻውን ይፍቃል፣ ይፍቃል፣ ይፍቃል… ቱ ስትሮክ በሚባለው፣ ቤንዚንና ዘይት አብረው በሚቃጠሉበት ሞተር ደግሞ ነገሩ ይብሳል፡፡ ምክንያቱም አየሩ ወደ ፒስቶኑ አናት ከመድረሱ በፊት ኮሎውና ኩሽኔታዎቹ ባሉበት በሞተሩ ሆድ በኩል ነው የሚያልፈው፡፡ አቧራው ለሁሉም ይዳረሳል ማለት ነው፡፡

«ፊልትሮውን አውልቀው፣ ይበርልሃል!»

አሁን ወደ አንድ የማውቀው ልጅ ታሪክ ልውሰዳችሁ፡፡ ታሪኩን እንድጽፈው ፈቅዶልኛል፤ ስሙን ግን አደራ ብሎኛል፡፡ ልጁ የአዲስ አበባ ልጅ ነው፡፡ ሥራ ፈልጎ ፈልጎ ሲያጣ፣ ዓረብ አገር ሰው ቤት የምትሠራ ታላቅ እህቱ ያጠራቀመችውን ላከችለትና በ2015 ዓ.ም. ከመስቀል በኋላ አንድ ያገለገለ ቱ ስትሮክ የገጠር ሞተር ገዛ፡፡ ወደ መቂ አካባቢ ወረደና የሽንኩርትና የቲማቲም ዘር፣ የውኃ ፓምፕ ቺንጋ፣ የሚረጭ መድኃኒት እየጫነ በየማሳው ለገበሬው ማድረስ ጀመረ፡፡ ሥራው ያዘለት፡፡ እህቱም በስልክ «እንግዲህ ኮንትራቴ ሲያልቅ መጥቼ አብረን እንሠራለን» ትለው ነበር፡፡

ኅዳር ላይ ሞተሩ ዳገት ላይ መድከም፣ ቤንዚን መጠጣት አመጣ፡፡ ነገሩ ቀላል ነበር፤ ፊልትሮው በአቧራ ታፍኗል፣ ይታጠብ፡፡ ግን መንገድ ላይ የሚገኝ አዋቂ አይጠፋምና፣ አንዱ ሞተረኛ «ምን አስጨነቀህ? ፊልትሮውን አውልቀህ ጣለው፣ ይበርልሃል!» አለው፡፡ አወለቀው፡፡ እውነትም ሞተሩ ድምፁን ለቀቀ፣ ጮኸ፣ የበረረም መሰለ፡፡ ልጁ ደስ አለው፡፡

ጮኸ እንጂ ጉልበት አልጨመረም፡፡ የፊልትሮው ቤት ከተከፈተ ጩኸቱ በነጻ ይወጣል፤ አየሩም ያለ ልክ ስለሚገባ ቤንዚኑ ይሳሳል፣ ሞተሩም ከመጠን በላይ ይግላል፡፡ አቧራውስ? እሱማ በሩ ወለል ብሎለት!

ጥር ላይ ሞተሩ መንኳኳት ጀመረ፡፡ አንድ ቀን ጠዋት በእግር ቢመታ፣ ቢመታ… ዝም፡፡ መካኒክ ዘንድ ተጎትቶ ሄዶ ተከፈተ፡፡ ፋሻው አልቋል፣ ሲሊንደሩ ተቧጥጧል፣ የኮሎው ኩሽኔታ ተላልቷል፡፡ ለማስጠገን የተጠየቀው ገንዘብ ሞተሩን ከገዛበት ዋጋ ግማሹን አለፈ፡፡ የሚታጠብ ስፖንጅ በነበረ! የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይኼ ነው፡፡

ለእህቱ ሲደውል መጀመሪያ ዝም አለች አለኝ፡፡ ከዚያ «አይዞህ» አለችው፡፡ ኮንትራቷን ለሌላ 2 ዓመት አራዘመች፡፡ «ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር» ነው ያለኝ ልጁ፡፡ እኔም የቤተሰብ ጉዳይ ይሆናል ያልኳችሁ ለዚህ ነው፡፡

ሊፒስቲክ ቢረሳ ፊልትሮ አይረሳም

ሁሉም እንደዚህ ነው ማለት ግን አይደለም፡፡ በአንድ ቆላ ወረዳ በክትባት ሥራ ላይ ያለች ወጣት የጤና ባለሙያ አለች፡፡ የገጠር ሞተር ትነዳለች፡፡ ሻንጣዋ ውስጥ በዘይት የተለወሰች፣ በፌስታል የተጠቀለለች ትርፍ ፊልትሮ አትጠፋም፡፡ ስቀልድባት «ሊፒስቲኬን ብረሳ እሷን አልረሳም» አለችኝ፡፡ የምትይዘው ክትባት አብዛኛው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቅዝቃዜ ውስጥ መቆየት አለበት፡፡ በረዶ የተሞላው ሳጥን ደግሞ ሰዓት ቆጥሮ ነው ቅዝቃዜውን የሚይዘው፡፡ «ሞተሬ መንገድ ላይ ቢቆም እኔ በእግሬ እደርሳለሁ፤ ክትባቱ ግን አይደርስም፡፡ ልጅ አዝለው ከሩቅ የመጡ እናቶች ደግሞ እየጠበቁኝ ነው» አለች፡፡ እኔ ምን ልጨምር?

«የቢሮ ሞተር ነው፣ ምን አገባኝ» የምትሉ ካላችሁ ይህችን ልጅ አስቧት፡፡ የቢሮ ሞተር ባለቤት የለውም እየተባለ ስንቱ በ2 ዓመቱ ከቢሮ ጀርባ ዶሮ ሰፍሮበታል!

እንዴት ይታጠባል?

ስሙን እንዳልጽፍ የጠየቀኝ አንድ ጎልማሳ መካኒክ አለ፡፡ «ጋሼ፣ ሞተር ምን ያህል ይቆያል?» ብዬ ስጠይቀው ሳቀብኝ፡፡ «ልጄ፣ ሰው ሞተሬ አረጀ እያለ ይመጣል፡፡ ስከፍተው ግን አላረጀም፤ አፈር በልቶ ነው፡፡ ሞተር የሚሞተው በአፍንጫው ነው» አለኝ፡፡ ርዕሴን የሰረቅሁት ከእሱ ነው፡፡ ከዚያ ሠርቶ አሳየኝ፡፡ እነሆ በተራ በተራ፡-

1ኛ. ከመክፈታችሁ በፊት ሴላውንና አካባቢውን በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉ፡፡ ያለዚያ ስትከፍቱት አፈሩ ወደ ውስጥ ይራገፋል፡፡ ከዚያ ቪቶቹን በካቻቪቴ ፈትታችሁ የፊልትሮውን ቤት ክፈቱ፡፡ በአንዳንዱ ሞተር ከጎን ነው፣ በአንዳንዱ ከሴላው ሥር፡፡

2ኛ. ፊልትሮውን ቀስ ብላችሁ አውጡ፡፡ ወደ ካርቡራተሩ የሚሄደውን የጎማ ቱቦ አፍ ወዲያው በንጹሕ ጨርቅ ድፈኑ፡፡ እዚያ የገባች ጠጠር ቀጥታ ወደ ሞተሩ ናት፡፡ ሥራው ሲያልቅ ጨርቁን ማውጣት እንዳትረሱ!

3ኛ. ስፖንጁን ከፕላስቲክ ማቀፊያው ለዩት፡፡ በነጭ ጋዝ ውስጥ እየነከራችሁ በመዳፋችሁ መሐል ጨመቅ፣ ለቀቅ አድርጉት፡፡ እንደ ካልሲ አትጠምዝዙት፤ ይቀደዳል፡፡ ጓንት ከሌላችሁ ፌስታል እጃችሁ ላይ አጥልቁ፡፡ በቤንዚን ግን አትጠቡ! ስፖንጁንና ማጣበቂያውን ይበላዋል፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ እሳት ነው፡፡ ነጭ ጋዙንም ቢሆን የቡና ከሰል ከተቀጣጠለበትና ሲጋራ ከሚጨስበት አርቁት፡፡

4ኛ. በለብ ባለ ውኃና በሳሙና ደግማችሁ እጠቡት፤ አረፋው እስኪጠፋ አለቅልቁት፡፡ ከዚያ ጥላ ውስጥ አድርቁት፡፡ ፀሐይ ላይ ወይም እሳት ዳር ከተሰጣ ይደርቅና ይፈረፈራል፡፡ ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ ዘይት አይነካውም፡፡

5ኛ. ብዙ ሰው የሚስተው ይኼን ነው፤ ስፖንጁ በዘይት መለወስ አለበት! ደረቅ ስፖንጅ ደቃቁን አቧራ ያሳልፋል፤ አቧራውን አጣብቆ የሚይዘው ዘይቱ ነው፡፡ ለፊልትሮ ተብሎ የሚሸጥ ዘይት ካገኛችሁ እሰየው፡፡ ካጣችሁ የሞተሩ መጽሐፍ የሚፈቅደውን ንጹሕ የሞተር ዘይት ወይም የካምቢዮ ዘይት ተጠቀሙ፡፡ የተቃጠለ ዘይት ግን አይሆንም! ዘይቱ በሁሉም ቦታ ከተዳረሰ በኋላ ትርፉን ጨምቃችሁ አውጡ፡፡ ሲነካ የሚያጣብቅ፣ ግን የማያንጠባጥብ መሆን አለበት፡፡

6ኛ. የፊልትሮውን ቤት ውስጡን ጥረጉ፡፡ ከሥሩ ውኃ የሚወርድባት ትንሽ ቱቦ ካለች በጭቃ አለመደፈኗን እዩ፡፡ ስፖንጁ ከቤቱ ጋር የሚገጥምበት ከንፈር ላይ ስስ ግራሶ ቀቡ፡፡ ፊልትሮውን መልሱና ጣታችሁን በዙሪያው አዙሩ፡፡ ክር የሚያሳልፍ ክፍተት ካለ አቧራ ያሳልፋል፤ ድካማችሁ ሁሉ ከንቱ ነው፡፡

ማስጠንቀቂያም አለ፡፡ ይህ ሁሉ ስለ ስፖንጅ ነው፡፡ የሞተራችሁ ፊልትሮ የወረቀት ከሆነ ውኃም፣ ነጭ ጋዝም፣ ዘይትም አይነካውም! በቀስታ መታ መታ አድርጎ ማራገፍ፣ ወይም ከውስጥ ወደ ውጭ በለስላሳ አየር መንፋት ነው፡፡ ካልጸዳ አዲስ ይገዛል፡፡

ስንት ጊዜ? መቼስ ይጣላል?

ይህን ስጠይቀው መካኒኩ «አቧራው ነው የሚነግርህ» አለኝ፡፡ ቀኑን አቧራ ውስጥ ከዋላችሁ ማታውኑ ክፈቱና እዩት፤ ቆሽሾ ከሆነ እጠቡት፡፡ አስፋልት ላይ ብቻ ከሆናችሁ የሞተሩ መጽሐፍ የሚለውን ተከተሉ፡፡ ዋናው ዘዴ 2 ፊልትሮ መያዝ ነው፤ አንዱ ሲደርቅ አንዱ ይሠራል፡፡ ሌላም አለ፤ ከፊት ያለ መኪና አቧራ ውስጥ እየገባችሁ አትሽቀዳደሙ፡፡ ወደኋላ ቀረት ብትሉ ሳንባችሁም ሞተራችሁም ያመሰግናችኋል፡፡

ክረምት ላይ ደግሞ ወንዝ ስትሻገሩ ውኃው ሴላው ድረስ ከደረሰና ሞተሩ ከጠፋ፣ ለማስነሳት አትቸኩሉ፡፡ መጀመሪያ ፊልትሮውን አውጡና ውኃ መግባቱን እዩ፡፡ ውኃ የዋጠ ሞተር በግድ ሲነሳ ውስጡ ይሰበራል፡፡

ስፖንጁ ሲቀደድ፣ ሲነካ ሲፈረፈር፣ የተጣበቀበት ሲላቀቅ ወይም ሲደነድን መጣል ነው፡፡ አትስፉት! ከፍራሽ ስፖንጅ ቆርጣችሁም አትተኩ፡፡ የፍራሽ ስፖንጅ ቀዳዳው ለዚህ ሥራ የታሰበ አይደለም፤ ወይ ሞተሩን ያፍነዋል፣ ወይ ተፈርፍሮ ይገባበታል፡፡

ይህ ጉዳይ የእኛ አገር ብቻ እንዳይመስላችሁ፡፡ ያኔ ከፓሪስ ተነስቶ ሰሐራ በረሃን ያቋርጥ የነበረው የዳካር ውድድር በታኅሣሥ 1971 ዓ.ም. ሲጀመር፣ በሞተር ያሸነፈው ሲሪል ኔቩ የተባለ ፈረንሳዊ በያማሃ ኤክስቲ 500 ነበር፡፡ በእንዲህ ያለ በረሃ ለሚነዳ ሰው ማታ ማታ ፊልትሮ መለወጥ እንደ ራት መብላት ነው፡፡ እንዲያውም በፊልትሯቸው ላይ የሴት ስቶኪንግ የሚያጠልቁ አሉ፤ ሻካራው አቧራ እዚያው ይቀርላቸዋል፡፡ ሴቶች፣ የተቀደደ ስቶኪንግ አትጣሉ፤ ፈላጊ አለው!

ያገለገለ ሞተር ልትገዙ ነው?

እንግዲህ ማርሚታው ቢያብለጨልጭ አትሸወዱ፡፡ ከምንም በፊት «ፊልትሮውን ክፈትልኝ» በሉ፡፡ ሻጩ «ቁልፉ ጠፍቶ ነው» ካለ ጠርጥሩ፡፡ ከተከፈተ ደግሞ ጣታችሁን ከፊልትሮው በስተኋላ፣ ወደ ካርቡራተሩ በሚሄደው ጎማ ውስጥ አስገቡና አሹት፡፡ ንጹሕ ከሆነ ጥሩ፡፡ ሲያሹት ኮርኮር የሚል አሸዋ ካለው ግን ያ አሸዋ ወደ ሞተሩም ወርዷል፡፡ ሰላምታ ሰጥታችሁ ውጡ!

ቤት ያለውንም ሞተር ምልክቱን አድምጡት፡፡ ዳገት ላይ ከደከመ፣ ቤንዚን ካበዛ፣ ጥቁር ከጨሰ፣ ካንዴላው ጥላሸት ከለበሰ፣ መጀመሪያ አፍንጫውን እዩለት፡፡ ካርቡራተር ሳታስፈቱ፣ ገንዘብ ሳታወጡ! ሳይቃጠል በቅጠል ይሏል ይኼ ነው፡፡

በመጨረሻ ለወንዶቹም ለሴቶቹም አንድ ነገር ልበል፡፡ ማጠቡ ራሱ ከግማሽ ሰዓት አይበልጥም፤ ማድረቁን ሌሊቱ ይሠራላችኋል፡፡ ፎቶ የሚወጣውን ማርሚታ ለመወልወል ከዚያ የበለጠ ጊዜ ታጠፋላችሁ፡፡ ዛሬ ማታ ሴላውን አንሱትና ያቺን ስፖንጅ እዩዋት፡፡ ሞተሩ የተገዛው በማን ላብ እንደሆነ የምታውቁት እናንተ ናችሁ፡፡

ለሳምንት በሌላ ጨዋታ እስክንገናኝ ቸር ሰንብቱ!